ማሰር እንጂ መፍታት የማያውቅ ፍርድ

«ዝነኛ ሰው ኃጢአቱም የአደባባይ ነው፤ አይቶ ዝም ያለ ተባባሪ ነው።» ይህን አባባል ከሰንበቴ ቤት እስከ ጠላ ቤት፣ ከማኅበር ድግስ እስከ ለቅሶ ድንኳን ያልሰማ የደብረ ታቦር ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ዘፋኝ ሚስቱን ሲፈታ፣ አንዲት ተዋናይት በጾም ስትጨፍር ስትታይ፣ አንድ ስመ ጥር ሰባኪ አዲስ መኪና ሲገዛ፣ ጉዳዩ እኛ ዘንድ ለፍርድ ይቀርባል። ምስክር የለም፤ ተከሳሹም የለም። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ብይን ይሰጣል።

ፈራጆቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ጿሚዎች፣ አስቀዳሾች፣ ነዳያን የሚያበሉ ናቸው። አባባሉን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ በመንፈሳዊ ቅናት ስም ስለሚነገር የሚቃወመው ሰው «የኃጢአት ጠበቃ» ይባላል። እሺ፣ ልባል።

ክርክሬ ግን ስለ ኃጢአት አይደለም፤ ስለ ሥልጣን ነው። የተለመደው ተግሣጽ «ትሕትና ይኑራችሁ፣ በሰው አትፍረዱ» የሚል ነው። ይህን ከዐውደ ምሕረት ላይ ሺህ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ሰምተን ስንወጣም ከበሩ ሳንርቅ እንቀጥላለን። ምክንያቱም ተግሣጹ ጉዳዩን የጠባይ ጉድለት አድርጎ ያየዋል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ያልተሰጠንን ሥራ ቀምተን ይዘናል፤ ያውም ግማሹን ብቻ።

ግማሹን ማለቴ እንዲህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በሰው ነፍስ ጉዳይ የሚገባ ሰው አለ፤ የንስሐ አባት ይባላል። በፋርጣም፣ በእስቴም፣ በጋይንትም የንስሐ አባት የሌለው ቤት ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም። ቤቱን ጠበል የሚረጨው፣ የተጣላውን የሚገዝተው፣ የሞተውን የሚፈታው እሱ ነው። ኃጢአትን ሰምቶ ቀኖና ይሰጣል፤ ይህን ያህል ጹም፣ ይህን ያህል ስገድ፣ ለድኻ ይህን ስጥ ይላል። ቀኖናው ሲፈጸም ይፈታል። ማሰሩም መፍታቱም በአንድ እጅ ነው፤ የሚያስር ሁሉ የመፍታት ግዴታ አለበት። የሰማውንም ወደ ውጭ አያወጣም። እንግዲህ ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት፤ የሰፈሩን ጓዳ አንድ በአንድ የሚያውቀው ሰው አፉን ይዞ ይቀመጣል፣ የአዲስ አበባዋን ተዋናይት በአካል አይቷት የማያውቀው ሰው ግን ስለ ነፍሷ ይናገራል።

የእኛ የአደባባይ ፍርድ መፍቻ የለውም። ዘፋኙ በወጣትነቱ ባደረገው ነገር ዛሬ ሽበት አብቅሎም ይከሰሳል። ስንት ስግደት ቢሰግድ ነው የሚበቃው? ማን ዘንድ ሄዶ ነው «ፍቱኝ» የሚለው? ጠላ ቤቱ የንስሐ መጽሐፍ የለውም። አሥር ዓመት ገዳም ገብቶ ቢወጣ «ለታይታ ነው» ይባላል፤ ባይገባ «ልቡ ደነደነ» ይባላል። ወንበዴ እንኳ የእስራት ዘመኑ የሚያልቅበት ቀን ተጽፎለት ነው ወኅኒ የሚወርደው።

ወንጌሉ ደግሞ መንገዱን በቅደም ተከተል አስቀምጦታል፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 18። የበደለህን መጀመሪያ ለብቻው፣ ባይሰማ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ ያም ካልሆነ ለቤተ ክርስቲያን። እኛ ከመጨረሻው ጀምረን እዚያው እንጨርሳለን። እሱንም ቢሆን ለቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ለግቢዋ ነው የምንናገረው።

ስለ ግቢው ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር ቅዳሴ ሲቀደስ ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉት በብዛት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ጎልማሳው «እኔ አልበቃሁም» ብሎ ከውጭ፣ ከዛፉ ሥር፣ ከግንቡ ጥግ ይቆማል። ይህ ሰው በራሱ ላይ የፈረደው ፍርድ ነው፤ ልክነቱን መምህራን ይከራከሩበት፣ እኔ ግን በውስጡ ያለውን ፍርሃተ እግዚአብሔር አከብራለሁ። የማይገባኝ ቀጥሎ ያለው ነው። አልበቃሁም ብሎ ከቅጥሩ ጥግ የቆመ ሰው፣ እዚያው ቆሞ ነጠላውን እያስተካከለ፣ ሌላው በጻድቃን ወይም በኃጥኣን ወገን የት እንደሚቆም ቦታ ሲያድል!

ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከታቦር ተራራ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ችቦ አብርተን፣ ሙልሙል አከፋፍለን የምናከብረው በዓል በተራራው ላይ የሆነውን ያስባል። ወንጌሉን ዝቅ ብሎ ላነበበ ሰው ግን ከብርሃኑ በኋላ የመጣ ትእዛዝ አለ። ሦስቱ ደቀ መዛሙርት በዐይናቸው ያዩትን፣ ያውም መልካሙን ነገር፣ ጊዜው እስኪደርስ ለማንም እንዳይናገሩ ተነግሯቸው ነው ከተራራው የወረዱት። በዓሉን እንደ ደብረ ታቦር የሚያደምቀው የለም እንላለን፤ ያላየነውን ለማውራት ግን እኛን የሚቀድመን የለም።

አለቃ ገብረ ሐናን እናንሣ። የፎገራ ሰው ናቸው፣ የናበጋ ጊዮርጊስ። ዛሬ ስማቸው ሲጠራ ሰው ለመሳቅ ይዘጋጃል፤ ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ በእሳቸው ስም ይመዘገባል። በዘመናቸው ግን ከቤተ ክህነት እስከ ቤተ መንግሥት የታወቁ ሊቅ ነበሩ። በዚያ ዘመን መለኪያ ከእሳቸው የበለጠ ዝነኛ ካህን መፈለግ ይከብዳል። እኒህ ሰው ለአቋቋሙ አዲስ እንቅስቃሴ አወጡለት። የጣና ዳር ሸምበቆ በነፋስና በማዕበል ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ አይተው ነው ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት ግን አንቀበልም አሉ። አለቃ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌ ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው። ዛሬ የተክሌ አቋቋም የሚባለው ይኸው ነው። ደብረ ታቦር በሊቃውንት ፊት ደረቷን የምትነፋበት፣ ከሩቅ አገር ደቀ መዝሙር በእግሩ ተጉዞ ሊማረው የሚመጣበት ትምህርት፣ አንድ ጊዜ ተመዝኖ ቀልሏል ተብሎ የተመለሰ ነገር ነው።

«ይህ የሥርዓት ክርክር እንጂ የነፍስ ፍርድ አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ እኔም ያመጣሁት ለዚሁ ነው። የጎንደር ሊቃውንት የመፍረድ መብት ነበራቸው። ስለ ዜማና ስለ አቋቋም በአገሪቱ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ የተፈረደበትም ነገር በዐይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ ነው። ያም ሆኖ ጊዜ ሻራቸው። እንግዲህ በሚያውቁት፣ በሚያዩት፣ በተሾሙበት ነገር የፈረዱት ሰዎች ፍርድ እንዲህ ከሆነ፣ በማናውቀው፣ በማናየው፣ ባልተሾምንበት የሰው ልብ ላይ የምንሰጠው ምን ሊሆን ነው? ያን ፍርድ ማንም ተሰብስቦ «ተሳስተን ነበር» ብሎ እንዳልሻረውም ልብ በሉ። ተረሳ እንጂ አልታረመም። የአደባባይ ፍርድ ሁሉ ጠባዩ ይህ ነው፤ ሲሳሳት ይረሳል፣ ይቅርታ አይጠይቅም።

እቴጌ ጣይቱም ለዚህ ነገር ሩቅ አይደሉም። ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት የራስ ጉግሣ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። በ1875 ዓ.ም. ፋሲካ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ከምኒልክ ጋር በቁርባን ሲጋቡ፣ ከአንድ በላይ ትዳር ቀድሞ ፈርሶባቸው ነበር። ምኒልክም ቢሆኑ የቴዎድሮስን ልጅ አግብተው፣ ከወይዘሮ ባፈና ጋር ኖረው ነው እዚያ የደረሱት። ቤተ ክርስቲያን ያለፈውን በንስሐ ዘግታ ሥጋ ወደሙን አቀበለቻቸው። እንጦጦ ማርያም ሄዶ የሚሳለም ሰው ስለ ጣይቱ የቀድሞ ባሎች አያነሣም፤ ስለ አድዋ እንጂ። አሁን ግን አንዲት ተዋናይት ሁለተኛ ትዳሯ ፈርሶ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ብትታይ «ምን ልትሠራ መጣች?» የምንል እኛው ነን። ለንግሥቲቱ የበቃ ንስሐ ለተዋናይቷ የሚያንስበት ምክንያት ምንድን ነው? በፍትሐ ነገሥቱ ውስጥ እንዲህ የሚል አንቀጽ አላውቅም።

ወደ ዘፋኞቹ ስመጣ ነገሩ ይበልጥ ይምታታል። በእኛ አገር አዝማሪ የሌለበት ሠርግ ሠርግ አይባልም። አዝማሪ ተጠርቶ፣ ግንባሩ ላይ ብር ተለጥፎ፣ «ተቀበል!» ተብሎ ሲያበቃ በማግሥቱ «አዝማሪ» ስድብ ይሆናል። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ ሥርዓተ ቀብሩ የተፈጸመው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ዕድሜውን በሙሉ ፍቅርን ሲዘፍን ለኖረው ሰው ካህናቱ ለገበሬ የሚጸልዩትን ያንኑ ጸሎት ጸለዩለት። ፍትሐት ማለት ይህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በመጨረሻው ሰዓት ማረው ብላ ትለምናለች። ያን ዕለት አብረን አለቀስን። ከሰልስቱ በኋላ ግን «ዘፈን ያጸድቃል ወይስ ይኮንናል?» የሚለው ክርክር ሲነሣ ሰውየው ራሱ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ፤ ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ይጎትተው ጀመር።

ዘፈን የተዉትስ ዐረፉ? ሙሉቀን መለሰና ሂሩት በቀለ በዝናቸው ጫፍ ላይ የነበሩ ድምፃውያን ናቸው፤ ዘፈኑን ትተው ወደ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ገብተው ዘመሩ። ሂሩት በ2015፣ ሙሉቀን በ2016 ዓ.ም. አረፉ። እየዘፈኑ ሳለ «ዓለማውያን» ነበሩ። ሲተዉ ከእኛ ወገን «ሃይማኖት ቀየሩ» ተባሉ። የተዉትን ዘፈን ግን እኛ አልተውነውም፤ ዛሬም በየሠርጉ እንጨፍርበታለን። በሃይማኖታቸው ምርጫ አልስማማም፤ ኦርቶዶክሳዊ ነኝ፣ አልደብቀውም። አለመስማማት ግን አንድ ነገር ነው፣ የእነሱን ልብ ከፍቶ ለጥቅም ነው፣ ለዝና ነው፣ ለዶላር ነው እያሉ ምክንያት መደርደር ሌላ። የመጀመሪያውን ሃይማኖቴ ይፈቅድልኛል። ሁለተኛውን ማንም አልፈቀደልኝም።

የሚገርመው ማጽደቁም የዚያው በሽታ ሌላ ገጽ መሆኑ ነው። በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ መሠረት ደፋር የ5,000 ሜትሩን ውድድር አሸንፋ የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ አውጥታ ስታለቅስ ያላለቀሰ ኢትዮጵያዊ ማን ነው? ዕንባዋ የእሷ ነበር፤ ስእለቷም የእሷ። እኛ ግን ወስደን የሃይማኖት ክርክር ድል አደረግነው። ሯጭ ሲያማትብ «እምነቱ አሸነፈ» እንላለን። በሚቀጥለው ዓመት ያው ሯጭ አሥረኛ ሲወጣ ምን ልንል ነው? አንዳንዱ ከወዲሁ መልስ አለው፤ «ከዝና በኋላ እግዚአብሔርን ረስቶ» ይላል። ትናንት ያለ ሥልጣን ያጸደቅነውን ዛሬ ያለ ሥልጣን እንኮንነዋለን።

በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ሲነበብ የምንሰማው የበላዔ ሰብእ ታሪክ አለ። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለአንድ ድኻ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ዳነ። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ያልሰማን የለንም፤ እናቶቻችን ሲሰሙት ዕንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። እንግዲህ ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ የዳነን ሰው ታሪክ እያነባች የምታከብር ቤተ ክርስቲያን ልጆች፣ አጭር ቀሚስ የለበሰችን ልጅ ወደ ሲኦል ለመስደድ ይህን ያህል የምንቸኩለው ከየት ባመጣነው ትምህርት ነው? ያን ጥርኝ ውኃ ማን አየው? ከሰጪው፣ ከተቀባዩና ከእመቤታችን በቀር ማንም። የሰው ጥርኝ ውኃ ሁልጊዜ አይታይም። የሚታየው የበላው ነው።

ይህን የፍርድ ሙያ ከዝነኞች ላይ የተለማመድነው ከመሰለን ተሳስተናል። የተለማመድነው እጅግ ቅርብ፣ እጅግ ዝቅ ካለ ሰው ላይ ነው። ከደብረ ታቦር አለፍ ብላ ጋፋት አለች። አፄ ቴዎድሮስ ሚሲዮናውያኑንና ያገሬውን ሠራተኛ አሰባስበው ሴባስቶፖልን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ ያስወለዱባት ናት። እንግዳ ሲመጣ ጋፋትን እናሳያለን፤ ኩራታችን ነች። በዚሁ አገር ግን ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሰው ምን እየተባለ እንደኖረ የማያውቅ የለም። «ቡዳ ነው፤ ዐይኑ ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል።» ልጁን አንድርለትም፣ ልጃችንን አንሰጠውም። ያው በ40 ቀኑ የተጠመቀ፣ ዐቢይ ጾምን የሚጾም፣ ማተብ ያሰረ ክርስቲያን ነው። አንድ ጳጳስ አላወገዘውም። አንድ ሲኖዶስ አልወሰነበትም። አንድ ምስክር ፊቱ ቆሞ አላሰረዳበትም። ፍርዱ ግን ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል፤ ሞትም አይሽረው።

ይህን ከዝነኛው ጋር አስተያዩት። ማስረጃ አይጠየቅም፤ መከላከያ አይሰማም፤ ፍርዱ ማብቂያ የለውም፤ ፈራጁ አይታወቅም። «ይባላል» የሚለው ቃል ዳኛም ዐቃቤ ሕግም ነው። ቀጥቃጩን ስለ እጁ ሙያ ከማኅበረ ምእመናን ዳር ያወጣው ምላስ ዘፋኟን ስለ ጉሮሮዋ ሙያ ቢያወጣት ምን ይገርማል? ያው ምላስ ነው። አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ላይ መታ እንጂ።

አሁን ወደ ጠንካራው መከራከሪያ ልምጣ። «ነቢያት ነገሥታትን አልገሠጹም? መጥምቁ ዮሐንስ ሄሮድስን አልተቃወመም? ዝም ማለት እኮ ፍርሃት ነው» ይባላል። ይህን የሚለው ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የራሳችን አባቶች አሉ። በ14ኛው መቶ ዘመን አፄ ዐምደ ጽዮን የጋብቻ ሥርዓት ጥሰዋል ተብሎ አቡነ በጸሎተ ሚካኤል፣ አቡነ አኖሬዎስ፣ የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ፊልጶስ ንጉሡን ተቃወሙ። በዚህም ተገረፉ፣ ተጋዙ። የእነዚህን አባቶች ስም ጠርቶ የቡናውን ሸንጎ የሚያጸድቅ ሰው ግን ሦስት ነገር ያስረዳኝ። እነሱ የተናገሩት ለራሱ ለንጉሡ ነው፤ አንተ የምትናገረው ተዋናይቷ ለማትሰማህ ጎረቤትህ ነው። እነሱ የተናገሩት ጅራፍ በእጁ ላለ ሰው ነው፤ አንተ የምትናገረው ምንም ልታደርግህ በማትችል ሴት ላይ ነው። እነሱ ዋጋውን በጀርባቸው ከፈሉ። አንተ ምን ከፈልህ? የቡና ቁርስ።

ይልቁንም የእኛ ነገር የእነዚያ አባቶች ተቃራኒ ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ብሎ ያደገ ሕዝብ ነን። በጉልበተኛው ላይ የታሰረው ምላሳችን መውጫ ፈለገና ዝና እንጂ ጉልበት የሌለው ሰው አገኘ። ዝነኛ ሰው ለዚህ የተመቸ ነው፤ ስሙ እንደ ባለሥልጣን ይታወቃል፣ እንደ ባለሥልጣን ግን አያሥርም። ድፍረት የመሰለን ነገር የምርጫ ብልሃት ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ይከብዳል፤ አላናንቀውም። «ተኩላ አለ። ባሕታዊ ነኝ ብሎ ሴት የሚያታልል አለ፤ ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ብሎ የሰበሰበውን ገንዘብ የሚበላ አለ፤ ፈወስኩ እያለ የድኻ ብር የሚያልብ አለ። ዝም እንበል?» አይደለም። እንዲያውም ይጩኹ። ነገር ግን ይህ ሌላ ዓይነት ንግግር ነው። የተሰረቀ ገንዘብ ቁጥር አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ የተታለለ ሰው አለ። ለሰበካ ጉባኤ፣ ለሀገረ ስብከት፣ ሲያስፈልግም ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ተከሳሹ መልስ ይሰጣል፤ ካጠፋ ይከፍላል፣ ካላጠፋ ስሙ ይመለሳል። እዚህ ላይ የሚመዘነው ሥራው ነው፤ ነፍሱ አይደለችም። የሚያሳዝነው፣ በእውነት መቅረብ ያለባቸው እንዲህ ያሉ ጉዳዮች በሐሜቱ ብዛት መዋጣቸው ነው። ሁሉም ሰው ሌባ በሚባልበት ግቢ ውስጥ እውነተኛው ሌባ ተደላድሎ ይኖራል፤ «እኔንም እንደ ሰዉ ሁሉ አሙኝ» ብሎ ያልፋል።

ምእመን በምእመን ላይ ሲፈርድ ምን እንደሚተርፍ ማየት የሚፈልግ የትናንቱን ያስታውስ። በ1980 ዓ.ም. ፓትርያርክ የሆኑት፣ ቀድሞ የጎንደር ሊቀ ጳጳስ የነበሩት አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነሥተው በስደት አሜሪካ ሲኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሩብ ምዕተ ዓመት በሁለት ሲኖዶስ ተከፈለች። አባቶች ተወጋገዙ፤ ያ የአባቶች ጉዳይ ነው። ምእመኑ ግን ከአባቶች ብሶ ተገኘ። በስደት ያለው ወገናችን «የዚያኛው ወገን»፣ «ገለልተኛ»፣ «የእነ እገሌ» እየተባባለ በየከተማው ተካፈለ፤ የአንድ አገር ልጆች በሠርግና በለቅሶ ተራራቁ። የሌላኛው ቤተ ክርስቲያን ቁርባን ቁርባን መሆኑን የሚጠራጠር የቀለም ቀንድ ያልሆነ ሰው ስንት ነበር! ከዚያ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ እርቅ ወረደ። ውግዘቱ ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስም በዚያው ወር አገራቸው ገቡ። አባቶቹ ማሰር ስለሚችሉ መፍታትም ቻሉ፤ በአንድ ጉባኤ አለቀ። በምእመኑ መካከል የተነገረውን ማን ሰብስቦ ይፍታው? ለ25 ዓመት የአንድ እናት ልጆች «መናፍቅ» የተባባሉትን የሚያነሣ ቃለ ጉባኤ የለም፤ ያልተሾመ ሰው ያሰረውን የተሾመው እንኳ መዝገብ ስለሌለው ሊፈታው ይቸገራል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ምላስ እያለን ዝም ያልንበት ነገር የለም? አለ፤ እጅግ ብዙ። በሚዛን የሚያጭበረብረው የእህል ነጋዴ የማኅበራችን ሙሴ ሊሆን ይችላል፤ ጽዋውን ከእጁ እንቀበላለን። በድርቅ ዓመት በአራጣ አበድሮ የገበሬን መሬት በኮንትራት የያዘው ሰው ለታቦት ጥላ ገዝቶ ሲሰጥ እልል እንላለን። ስለ አዲስ አበባ ዘፋኝ ፍቺ ዝርዝር የምናውቀውን ያህል ስለዚህ ሰው የብድር ወረቀት አናውቅም፤ ማወቅም አንፈልግም። ጎረቤት ነዋ፤ ነገ እናስፈልገዋለን፣ ያስፈልገናል።

ከሁሉ የባሰውን ደግሞ ልናገር። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም. በወጣው፣ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ አይፈቀድም። ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ቅስና የሚቀበል ዲያቆን ድንግል ያግባ ይላል፤ ድንግል አለ እንጂ ሕፃን አላለም። በገጠራችን ግን «ድንግልናዋ እንዳያጠራጥር» እየተባለ ገና ጡቷ ያላጎጠጎጠ ልጅ ለዲያቆን ትታጫለች። ሠርጉ በጥር ይሆናል፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ ካህኑም ሽማግሌውም የቀበሌው ሰውም በየማዕረጋቸው ይቀመጣሉ። ይህ በስውር የተሠራ ኃጢአት አይደለም፤ በአደባባይ ከበሮ እየተመታ ነው። ምስክሩ ሙሉ ድንኳን ነው። «አይቶ ዝም ያለ ተባባሪ ነው» የሚለው አባባል እውነት የሚሆንበት አንድ ቦታ ቢኖር ይህ ነው፤ እዚያ ድንኳን ውስጥ ግን ሲነገር ሰምቼው አላውቅም። እዚያ የሚነገረው «ይባርክልህ፣ ይውለድ፣ ይክበድ» ነው።

መንፈሳዊ ቅናት አለኝ የሚለው ሰው እንግዲህ በመጪው ጥር ይነሣ። ሙሽራይቱ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች አባቷን ፊት ለፊት ይጠይቀው፤ ባይሰማው ሁለት ሰው ይዞ ይመለስ፤ ያም ካልሆነ ለደብሩ አስተዳዳሪና ለወረዳው ሴቶች ጉዳይ ይንገር። ማቴዎስ 18 እንደሚለው፣ በቅደም ተከተሉ። ጎረቤቱ ይጣላው ይሆናል፤ ከማኅበርም ያስወጡት ይሆናል፤ በእሱ ቤት ለቅሶ የሚደርስ ሰው ይቀንስ ይሆናል። የአዲስ አበባዋ ተዋናይት እስከዚያው ድረስ የንስሐ አባት አላት፤ ጉዳዩን ለእሳቸው መተው ይቻላል።